ፋይሉ 97 በመቶ ላይ ሲቆም

«እንደገና ላክ» የምትለዋን ቁልፍ አሁን አይጫኑ። እጅዎን ከማውሱ ላይ ያንሱና ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ፋይሉ ስንት በመቶ ላይ ቆመ? ከተጀመረ ስንት ደቂቃ ሆነው? የሞደሙ መብራት ምን ዓይነት ቀለም አለው፣ ብልጭ ድርግም ይላል ወይስ ጠፍቷል? ጅግጅጋ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን የኖርኩበት ጊዜ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ፋይል አልሄድ ያለው ሰው የት ላይ እንደቆመበት አያስታውስም፤ አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሞ መላኩን ግን አይረሳም። ፓኬጁ ያለቀውም እዚያ ላይ ነው።

«አልሄደም» ማለት ሐኪም ፊት ተቀምጦ «አመመኝ» ብሎ ዝም እንደማለት ነው። ሞደሙ ሳይደውል ሊቀር ይችላል። ደውሎ ላይገናኝ ይችላል። ተገናኝቶ ፋይሉ ከ0 ላይነቃነቅ፣ መንገድ ላይ ሊቆረጥ፣ ወይም ደርሶ አልከፈት ሊል ይችላል። የአምስቱም መድኃኒት የተለያየ ስለሆነ በዚሁ ቅደም ተከተል እንሂድ። የርስዎ ችግር የቱ ጋ እንደሆነ ካወቁ ወደዚያው ይለፉ።

ሞደሙ ሳይደውል ሲቀር

«ዲያል አፕ እኮ ድሮ ቀረ» የሚሉ ይኖራሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ሁለት ማሽኖች በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ የሚደራደሩበት ያ የሞደም ጩኸት ከአብዛኞቹ ቢሮዎቻችን ጠፍቷል። ላፕቶፕ ጎን የሚሰካው የሲም ሞደም ግን ብዙው ዛሬም ይደውላል፤ የግንኙነቱን ቅንብር ከፍተው ቢያዩ የሚደወልበት ቁጥር ተቀምጦ ያገኛሉ፤ *99# ይላል። በሲዲኤምኤ ዘመን የነበሩት #777 ነበር የሚደውሉት። አንዱን ከሌላው ያምታታ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲደውል ይውላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሩን ይዩ። ቀጥሎ ኤፒኤን የሚባለውን ቦታ ያረጋግጡ፤ በኢትዮ ቴሌኮም ሲም የተለመደው «ኢቲሲ ነጥብ ኮም» ነው። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን (ኢቲሲ) እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በኋላም የድሮ ስሙ እዚህች ሳጥን ውስጥ ተርፎ አለ። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ወይም ፊደል ከተሳሳተ ሞደሙ ኔትወርክ እያሳየ አልገናኝ ይላል።

ከዚያ ሲሙን አውጥተው ስልክ ውስጥ ይክተቱና በ*804# ቀሪ ሂሳቡን ይዩ። ፓኬጁ ካለቀ በ*999# ይግዙ። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ግን «ኔትወርክ የለም» ተብሎ የመጣልኝ ሞደም ብዙ ጊዜ ያጣው ኔትወርክ ሳይሆን ካርድ ነው።

የጠረጴዛ ስልክ መስመርና የድሮ ሞደም ያለው ቢሮ ካለ ደግሞ፦ ሞደሙ «የመደወያ ድምፅ የለም» ካለ መጀመሪያ ስልኩን አንስተው ያዳምጡ። ድምፁ ካለ ሞደሙ የማያውቀው ዓይነት ድምፅ ስለሆነ ነው፤ ቅንብሩ ውስጥ «ድምፁን ሳትጠብቅ ደውል» የሚል አማራጭ አለ፣ እሱን ይምረጡ። መስመሩ በስዊችቦርድ የሚያልፍ ከሆነ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ቁጥር ያስቀድሙና የእንግሊዝኛውን ነጠላ ሰረዝ (,) ያስከትሉ፤ ሰረዟ ለሞደሙ «ትንሽ ቆይ» ማለት ናት።

ደውሎ አልገናኝ ሲል

እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ ከአዲስ አበባ ይለያል። ቶጎ ውጫሌ ሆነው ስልክዎን አውጥተው ከላይ የተጻፈውን ስም ያንብቡ። ቴሌሶም ካለ ስልክዎ በሐሳብ ድንበር ተሻግሯል። ከተማዋ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ የሶማሌላንዱ አንቴና ከእኛው ይልቅ ቅርብ ሆኖ የሚታይበት ቦታ አለ፤ ሞደም ደግሞ ዜግነት አያውቅም፣ የራሱ ሲጠፋበት ጠንካራ መስሎ የታየውን ይከተላል። ደወሌ ላይ የጅቡቲው ኔትወርክ ተመሳሳይ ነገር ሊያደርግ ይችላል። ሲምዎ የውጭ አገር አገልግሎት ስላልተከፈተለት እዚያ ሄዶ ይመለሳል፣ ይሄዳል ይመለሳል፤ እርስዎ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ይላሉ። አገልግሎቱ ከተከፈተለት ደግሞ የባሰ ነው፤ በሮሚንግ ዋጋ ይላካል።

መፍትሔው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በሞደሙ ወይም በስልኩ ቅንብር ውስጥ የኔትወርክ ምርጫውን ከ«ራሱ ይምረጥ» ወደ «እኔ ልምረጥ» ይቀይሩና የሲምዎን ድርጅት ስም ይምረጡ። የውጭ አገር ዳታንም ይዝጉት። ወደ ጅግጅጋ ሲመለሱ መልሶ መቀየር አያስፈልግም።

ሁለተኛው የአካባቢያችን ጉዳይ ቆርቆሮ ነው። የኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ፋይል መላክ ድስት ውስጥ ገብቶ ሰው እንደመጣራት ነው፤ ብረት የሬዲዮ ሞገድ አያሳልፍም። ቆርቆሮ ቤትም ከዚህ ብዙም አይሻልም። የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ይግዙ፣ ከ5 ሜትር ያልበለጠ፤ ሞደሙን በመስኮት ወይም በበር አውጥተው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይስቀሉት። የሞደሙ ፕሮግራም የሲግናሉን መጠን በዲቢኤም የሚያሳይ ከሆነ ቁጥሩ አሉታዊ ስለሆነ ወደ ዜሮ የቀረበው ይሻላል፤ -75 ጥሩ ነው፣ ከ-105 በታች ከወረደ ትልቅ ፋይል አይጀምሩበት። ሞደሙን ግማሽ ሜትር ማንቀሳቀስ ብቻ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ይሞክሩት።

ሁሉም ልክ ሆኖ አሁንም ካልተገናኘ ጎረቤት ይጠይቁ። የሁሉም ከጠፋ ችግሩ የርስዎ አይደለም፤ 994 ደውለው ይጠይቁና ይጠብቁ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ሲዘጋ ሞደሙን ከፍቶ የፈታታ ሰው አውቃለሁ። መልሶ መግጠሙ ከመዘጋቱ በላይ ጊዜ ወሰደበት።

ተገናኝቶ ፋይሉ ከ0 አልነቃነቅ ሲል

ገጾች ይከፈታሉ፣ መልእክት ይገባል፣ ፋይል ግን አይሄድም። በመጀመሪያ ከታች በስተቀኝ ያለውን የኮምፒውተሩን ቀን ይዩ።

አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ኢሜይላቸው «ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ» እያለ አልከፍት ብሏቸዋል፤ ሦስት ቀን ሪፖርት አልላኩም፤ በር ላይ «ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት የእኛው ነበር። አንድ ጠንቃቃ ሠራተኛ «ተሳስቷል» ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስተካክሎታል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን አለው፤ ኮምፒውተሩ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሲቆም ሰርተፍኬቱ ገና ያልተወለደ ይመስለዋል፣ አላምንም ይላል። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት፣ ማለትም ጠዋት 3 ሰዓትን 9 ላለማለት 3 ብሎ መሙላት፣ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ የሰባት ዓመቱ ግን አያልፍም። ቀኑን በፈረንጅ፣ የሰዓት ክልሉን በአዲስ አበባ ወይም በናይሮቢ ያድርጉ። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ የሚመለስ ከሆነ ውስጡ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አልቃለች፤ ትቀየራለች።

ቀኑ ልክ ከሆነ መጠኑን ያስቡ። ጂሜይል እስከ 25 ሜጋባይት ይቀበላል ይባላል። ነገር ግን ኢሜይል ፋይልን ወደ ፊደል ለውጦ ስለሚልክ በሲሶ ያህል ይወፍራል፤ እንግዲህ በተግባር ከ18 ሜጋባይት ገደማ በላይ አይሞከርም። የመንግሥት ድረ ገጾች ደግሞ የየራሳቸው ጣራ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ከሳጥኑ ሥር በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፣ ማንም አያነበውም።

አንድ ለባለሙያ የሚተው ነገር አለ። አጭር ጽሑፍ ያለ ችግር እየሄደ ትልቁ ሁሉ 0 ላይ የሚቀር ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ መንገዱ ከሚችለው በላይ ትልልቅ ፓኬት እየቆረጠ ሊሆን ይችላል። ኤምቲዩ የሚባለውን ቁጥር ከ1500 ወደ 1400 ዝቅ እንዲያደርግልዎት ይንገሩት። ቪፒኤን የሚጠቀሙ ከሆነ አጥፍተው መሞከሩ ከዚህ ይቀድማል።

መንገድ ላይ ሲቆረጥ

ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደው ይህ ነው፣ ብዙ ቃልም የሚገባው ይህ ነው።

መጀመሪያ ስልክ ይደወልልዎት እንደሆነ ያስተውሉ። ኢንተርኔቱን ከስልክዎ እያካፈሉ ከሆነና ስልኩ 2ጂ ላይ ካለ፣ ጥሪ በመጣ ቁጥር ዳታው ይቆማል። 4ጂ ላይ ቢሆንም ብዙ ስልኮች ለመነጋገር ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ሲወርዱ መስመሩ ይናጋል። እናም ወሳኝ ፋይል እየላኩ «ደረሰህ?» ብሎ በዚያው ስልክ መደወል ፋይሉን በገዛ እጅ መቁረጥ ነው። በሌላ ስልክ ይደውሉ። በድሮው የጠረጴዛ መስመርም ያው ነበር፤ ሌላ ክፍል ያለ ሰው ማዳመጫውን ካነሳ ወይም ሁለተኛ ጥሪ የሚያሳውቀው ቲት ቲት ከገባ ግንኙነቱ አለቀለት።

ሁለተኛ፣ ሞደሙ በ2ጂና በ3ጂ መካከል ይዋዥቅ እንደሆነ ይዩ። መብራቱ ቀለም እየቀያየረ ከሆነ ይዋዥቃል። በቀየረ ቁጥር ለጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፤ ትዕግሥት የሌለው ድረ ገጽ በዚያች ዝምታ ይዘጋል። ቅንብሩ ውስጥ አንዱን ብቻ ይምረጡለት። ዝግ ብሎ የሚጸና 2ጂ፣ ፈጥኖ ከሚወድቅ 3ጂ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። የመስመር ሞደም ያለውም እንዲሁ ያድርግ፤ ዝናብ ዘንቦ መስመሩ ሲንጫጫ ከፍተኛውን ፍጥነት ከ33.6 ኪሎቢት ወደ 14.4 ወይም 9.6 ዝቅ ቢያደርገው ይደርስለታል። በመኪና ላይ ሆነው የካራማራን ዳገት እየወጡ ደግሞ ምንም አይላኩ፤ ሞደሙ ከአንቴና አንቴና ሲዘል ፋይልዎን ይዞ አይዘልም።

ሦስተኛ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዳይተኛ ይከልክሉት። ሃያ ደቂቃ ካልነኩት የሚያሸልብ ላፕቶፕ የአርባ ደቂቃ ፋይል አያደርስም። ከበስተጀርባ የዊንዶውስ ማሻሻያ፣ የቴሌግራም ቪዲዮ፣ የስልክዎ ፎቶ ማስቀመጫ ሁሉ በዚያችው ቀጭን መንገድ ይጋፋሉ፤ ግንኙነቱን «የሚቆጠር» ብለው ቢያስመዘግቡት ዊንዶውስ ማሻሻያውን በአብዛኛው ያቆያል። ሲቲ ዞን ቆላው ላይ፣ አይሻና ደወሌ አካባቢ፣ ሞደሙ ሲነኩት የሚያቃጥል ከሆነ ነቅለው ያቀዝቅዙት፤ የጋለ ሞደም ራሱን ያጠፋል።

አራተኛ፣ ሰዓት ይምረጡ። ከሰዓት በኋላ በርጫው ሲሞቅ ሁሉም ስልኩን ይዞ ይቀመጣል፤ ኔትወርኩም ይጨናነቃል። ትልቁን ፋይል ከሱብሒ ሰላት በኋላ ይላኩ። ከኢንተርኔት በፊት የነበሩት ይህን ዘዴ ያውቁታል። በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት አገራችን ከመግባቱ አስቀድሞ፣ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል ፊዶኔት በተሰኘው መረብ ኢሜይል ይለዋወጥ ነበር። ደብዳቤው ቀን ይጠራቀማል፣ ከዚያ ሞደሙ ደውሎ ያለውን አራግፎ፣ የመጣውን ተቀብሎ ስልኩን ይዘጋል። ቀኑን ሙሉ መስመር ላይ ተጥዶ መዋል የለም። ሪፖርት፣ ደብዳቤ፣ ፎቶ በየደቂቃው ከመላክ አዘጋጅቶ በአንድ ጊዜ መላክ ዛሬም ያዋጣል።

እነዚህን ሁሉ አድርገው አሁንም የሚቆረጥ ከሆነ ችግሩ የመስመሩ ሳይሆን የጭነቱ ነው። ጭነት ለማቅለል ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ ከስካነሩ መጀመር ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት በቀለም፣ በ300 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ ሳይታመቅ 26 ሜጋባይት ገደማ ነው። ያው ወረቀት በግራጫ፣ በ150 ዲፒአይ 2.2 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ 12 እጥፍ ያንሳል። በ33.6 ኪሎቢት መስመር የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ሁለተኛው ዘጠኝ ደቂቃ። ፒዲኤፍ ሲሆን ሁለቱም ያንሳሉ፣ ልዩነቱ ግን አብሯቸው ይሄዳል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ለማንበብ ግራጫው ይበቃል። ማኅተሙ ሰማያዊ ሆኖ ይታይ የሚል አለቃ ካለ ማኅተም ያለበትን ገጽ ብቻ በቀለም ያድርጉለት።

ሌላው መቁረጥ ነው። ነጋዴ ንብረቱን ሁሉ በአንድ ግመል አይጭንም፤ አንዱ ቢወድቅ ሌሎቹ ይደርሳሉ። ሰቨን ዚፕ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ፋይሉን በቀኝ ቁልፍ ተጭነው ወደ መዝገብ ጨምር ይበሉት፤ ከታች የቁራጩን መጠን ይጠይቃል፤ 2 ሜጋባይት ወይም 5 ሜጋባይት ይጻፉ። በስማቸው መጨረሻ 001፣ 002፣ 003 እያሉ የሚከተሉ ቁርጥራጮች ይወጣሉ። አንድ በአንድ ይላኩ፤ የሄደውን ወረቀት ላይ ምልክት ያድርጉበት። ሰባተኛው ቢወድቅ ሰባተኛውን ብቻ ይደግማሉ። ተቀባዩ ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቦ 001ን ብቻ ይክፈት፤ የቀሩት ይከተላሉ። አንዲት ብትጎድል ግን ሙሉው አይከፈትም።

ሐሳቡ ከእኛ ዘመን የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 ዋርድ ክሪስቴንሰን የሠራው ኤክስሞደም ፋይሉን በ128 ባይት እየቆረጠ፣ እያንዳንዷን ቁራጭ ቆጥሮ እያስረከበ ነበር የሚልከው፤ የተበላሸችውን ብቻ ይደግማል። እ.ኤ.አ. በ1986 ቹክ ፎርስበርግ ያወጣው ዜድሞደም ደግሞ ከተቆረጠበት ላይ መቀጠልን ጨመረ። ዛሬ በኢሜይል ሲልኩ ይህ ዕድል የለዎትም፤ ከተቆረጠ ከ0 ነው። ምርጫ ካለዎት በኤፍቲፒ ይላኩ፤ ፋይልዚላ የተባለው ፕሮግራም አገልጋዩ ከፈቀደለት «ካቆመበት ቀጥል» ብሎ ይጠይቅዎታል። እሺ ይበሉት፤ «በላዩ ጻፍ» የሚለውን ከመረጡ ያ ሁሉ ድካም ሜዳ ላይ ቀረ።

ደርሶ አልከፈት ሲል

«መቶ በመቶ» የሚለው ጽሑፍ ደረሰኝ አይደለም። ተቀባዩ የፋይሉን መጠን በባይት፣ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ እንዲያነብልዎት ይጠይቁ። «4 ሜጋ ገደማ» አይበቃም። አሃዙ ከተለያየ ጎድሏል። አሃዙ አንድ ሆኖ አሁንም ካልተከፈተ ሰቨን ዚፕ በቀኝ ቁልፍ የሚያወጣው ሻ-256 የሚባል ረጅም ቁጥር አለ፤ ሁለታችሁም አውጡና የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን አምስት አምስት ፊደሎች በስልክ አመሳክሩ።

በኤፍቲፒ የተላከ ፎቶ ወይም ዚፕ መጠኑ በጥቂቱ ተዛብቶ ከደረሰ በ«ጽሑፍ» ስልት ተልኳል ማለት ነው፤ በ«ባይነሪ» ይድገሙት። በዋትስአፕ የተላከ የወረቀት ፎቶ ደብዝዞ ከደረሰ ፕሮግራሙ ጨምቆታል፤ በሰነድ መልክ ያያይዙት። የፋይሉ ስም በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ከሆነ ደግሞ አንዳንድ የድሮ ፕሮግራም ዚፑን ሲፈታ ስሙን ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል። በስም ውስጥ ቀን ሲጽፉ እንደ 12/03 በእዝባር አይለዩ፣ ዊንዶውስ አይቀበልም፤ በንዑስ ሰረዝ ይለዩት።

ለሚኒባስ የሚሰጠው

አንዳንዱ ፋይል በመስመር መሄድ የለበትም። 32 ጊጋባይት ቪዲዮ በ33.6 ኪሎቢት ለመላክ ሌት ተቀን 88 ቀን ይወስዳል፤ ሳይቆራረጥ 1 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር እንኳ ሦስት ቀን ገደማ ነው። ያንኑ የያዘ ፍላሽ ከቶጎ ውጫሌ ተነሥቶ ጅግጅጋ ለመድረስ ቀን አያስፈልገውም። ከአውበሬም፣ ከቀብሪ በያህም እንዲሁ።

ሲልኩ ግን፦ ፋይሉን በሰቨን ዚፕ የይለፍ ቃል ይቆልፉበት፣ ቃሉን ፍላሹ ላይ ሳይሆን በስልክ ይንገሩ። ሁለት ፍላሽ ያዘጋጁ፣ በሁለት የተለያየ መኪና ይላኩ። ፍላሾቹ ሲመለሱ ወደ ኮምፒውተርዎ ከማስገባትዎ በፊት በጸረ ቫይረስ ያስፈትሹ፤ ፎልደሮችዎ ሁሉ አቋራጭ ምልክት ሆነው ከታዩ አንድም ነገር አይክፈቱ። የራስዎን ዋና ቅጂ ደግሞ ጅግጅጋ ያለው ሰው የባይቱን ቁጥር እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አንብቦ እስኪነግርዎት ድረስ አይሰርዙት።